ቢጫ ዱቄት

ኩላሊቴን ታክሜ ወደ ቤት ስመለስ፣
ደሴ በጉም ታጥራ፣ ጦሳ ጋቢ ሲለብስ፣
የጥንት ተማሪዬ እንግዳው ብቅ አለ፣
ሊሊ አበባ ታቅፎ፣ እንደ አራስ እያባበለ።
ስድስት ነጭ ደወል፣ አፋቸው የሰፋ፣
ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቢጫ ዱቄት የተደፋ።

«እግዜር ይማርዎት፣ ጋሽ አበጋዝ» አለኝ፤
ድምፁ ባዮሎጂ ክፍሌን መለሰልኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በነጭ ጠመኔ፣
የአበባን አካላት የሳልኩ ነኝ እኔ፦
ወንዴው ይኸ፣ ሴቴዋ ይኸች፣ ዱቄቱም ይኸውና፣
ንብ በእግሯ ይዛው ትዞራለች ገና…
ፈትኜ፣ አርሜ፣ ስንቱን አሳልፌ፣
ስለ ድመት ግን አንድ ቃል
አልወጣም ከአፌ።

የወተት ዱቄት ጣሳ ውሃ ሞላሁና
አበባውን አኖርኩት መስኮቴ ላይ።
መስኮቱ ግን የኔ አይደለም።
ፀሐይ ከጉም ሾልካ ጥቂት ስታበራ፣
እዚያች ጥቂት ላይ ነው የምትተኛው ሽምብራ።

ማታ ሙሂባ መጣች፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ፤
ከደጃፉ ቀረች፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ፈዛ።
«ያ ረቢ! ድመቷስ?»
«ምን ሆነች?»
«ነክታዋለች?»
ልትጠይቅ የመጣችው እኔን ነበር፤
እኔን ረሳችኝ።

«አምና በልጄ ሰርግ፣» አለች ተንበርክካ፣
ከአልጋው ሥር በስልኳ መብራት እየፈለገች፣
«ይኸው አበባ ነበር። የኔዋ አልበላችውም።
ዱቄቱ ፀጉሯ ላይ በነነ፤ እሷም
እንደ ልማዷ ራሷን አጠበች፣ ላሰች፣ ላሰች።
ንጽሕናዋ ነው የገደላት።
የቆመበት ውሃም ያው ነው አሉኝ።
በሦስተኛው ቀን ሽንት እምቢ አላት፤
ሐኪሙም ‹ኩላሊቷ ነው፣ ዘገያችሁ› አለ።»

እጄ ሳላዘው ወደ ጎኔ ሄደ።

አገኘናት። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ።
ከጭራዋ በላይ፣ የእህል ፍሬ የምታህል
ቢጫ ነጥብ።
ሙሂባ ያዘች፣ እኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤
ሁለታችንንም ቧጨረችን፣ በየተራ፣ አላዳላችም።
አፏ ጢም ላይም ቢጫ ነበረ።
ልሳለች? አልላሰችም?
ይህን የሚያርም መምህር የለም።

በዚያ ጉም በባጃጅ፣ ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልያት፣
ዶክተር ይመርን ከእራቱ አስነሣነው።
«እስኪታመሙ ይጠብቃሉ ሰዎች፣» አለ፣
«ስትታመም ግን ጊዜው አልፏል።»
ከዚያ ከረጢት ሰቀለላት፤
እኔ በተኛሁበት ሳምንት ራሴ ላይ ሲንጠባጠብ የከረመውን ዓይነት።
አየሁት። ጠብ። ጠብ።
ባለፈው ሳምንት ነርሷ የኔን ሽንት
በጆግ ስትለካ፣ አፍሬ ፊቴን አዞር ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሊነጋ ሲል፣
ሽምብራ ጋቢዬ ላይ ሸናች።
እልል አልኩኝ።
ወንድ እልል አይልም ይላሉ፤ ይበሉ።

ቤቴ ስገባ፣ የክፍሉን ስም ዝርዝር
እንደምጠራ ሆንኩ፦ እሬት፣ የዝሆን ጆሮ፣
አጥሩ ላይ ያለው ባለ ወተቱ ቅንጭብ፣
ማን እንደ ተከላቸው እንኳ ያላሰብኳቸው።
እሬቱን ሙሂባ ወሰደች፣ ድመት ስለሌላት፤
«አሁንም ሌላ አላሳድግም» አለች፣ ዞር ብላ።
የዝሆን ጆሮውን ለቀበሌው ሰጠሁ፤
እዚያ የሚያኝከው የለም፤ ሰው ወረፋ ይጠብቃል እንጂ።
ሊሊውን በላስቲክ አንቄ፣ አርቄ ጣልኩ።

በጣሳው ገብስ ዘራሁ፣ ብትፈልግ ታኝክ ብዬ።
በቀለላት፣ ለመለመላት።
ሽምብራ አሸተተችው፣ ናቀችው፣
ላዩ ላይ ተኛችበት።

ትናንት እንግዳው ደወለ፦
«ጋሼ፣ አበባው ሰነበተ?»
ዝም አልኩ። ልጁ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነበር ያመጣው።
«እንግዳው፣» አልኩት፣ «ያንን ምዕራፍ
ሳልጨርስላችሁ ነው ደወል የተደወለው።
ቅዳሜ ና፣ እቀጥልልሃለሁ።
እጅህን ግን
ባዶውን አምጣው።»